አባቴ ኬላ ላይ ያስቀደደው ላሜራ

ባለፈው ሳምንት ሰመራ ውስጥ አዲስ በተከፈተ ሆቴል በር ላይ አንድ አሮጌ ኤንትሬ ቆሞ አየሁ። ጎማው ነጭ ቀለም ተቀብቷል፣ ጭነት በሚጫንበት ላይ አበባ ተተክሏል። ወጣቶች እየተፈራረቁ ፎቶ ይነሳሉ። እኔ ፎቶ አላማረኝም። ቀጥ ብዬ ሄጄ የጋቢናውን በር ከታች በኩል በጣቴ አንኳኳሁት። ድምፁ ደስ አላለኝም። ዘበኛው ከወንበሩ ብድግ ብሎ መጣ።

«እናቴ፣ አይነካም።»

«ስቱኮ ነው» አልኩት።

«ምን አሉኝ?»

«ቀለሙ ሥር ብረት የለም። ዝገቱን በስቱኮ ነው የደፈኑት። አንድ ክረምት አይቆይም፣ ይረግፋል።»

«ለጌጥ እኮ ነው፣ እናቴ።»

ለጌጥም ቢሆን መታለል አልወድም። ዘበኛውን ደህና ዋል ብዬው መንገዴን ቀጠልኩ፤ ልቤ ግን እዚያው ቀረ። ለማያውቁት ልንገራችሁ፤ ኤንትሬ አፍንጫ የሌለው፣ ፊቱ ደፍጣጣ፣ ድምፁ ከሩቅ የሚለይ የጣልያን የጭነት መኪና ነው። የአሰብ መንገድ ክፍት በነበረበት ዘመን በሎጊያ የሚያልፈውን አስፋልት የሞላው እሱ ነበር። ሰመራ ያኔ አልነበረችም፤ አሁን ቤቴ ያለበት ቦታ ጥቁር ድንጋይና ንፋስ ብቻ ነበር። አባቴም አንድ ኤንትሬ ነበረው። ያኔም አሮጌ ነበር።

አባቴ ስሙ ሙሐመድ ነው፤ እንደ ወሎ ልማድ ሰው ሁሉ ሙሄ ይለው ነበር። ከባቲ ወርዶ ሎጊያ የከተመ፣ ሰላቱን የማያጓድል፣ ሰውን ግን የማያምን ሾፌር ነበር። ማታ የነዳጁን ክዳን በክር ያስርና ጠዋት ከሰላት መልስ ጎንበስ ብሎ ክሩን ይመረምራል።

«ዘሀራ፣ ክሩ ተነካክቷል» ይላታል እናቴን።

«ፍየል ነው» ትላለች።

«ፍየል ክር አይፈታም።»

«የሎጊያ ፍየል ይፈታል፤ አንተ አታውቀውም።»

ረዳቱን ያባረረው በዚህ ክር ሰበብ ነው። ጎረቤት ሻይ ሲጋብዘው እንኳ «ዛሬ ምን ፈልጎ ይሆን?» እያለ ነበር የሚጠጣው። እኔ ሰዓዳ ብቸኛ ልጁ ነኝ። በመልክ ወደ እናቴ ነው የምሄደው፣ በጠባይ ግን ቁርጥ እሱን ነኝ። ያን ጊዜ ትምህርቴን ጨርሼ በእናቴ ምግብ ቤት ሩዝ እቀቅላለሁ፣ ለሾፌሮች የፍየል ቅቅል አቀርባለሁ። ከሾፌሮቹ ማን እንደሚዋሽ ገና ከበሩ ሲገባ አውቀዋለሁ እል ነበር። ብዙ ጊዜም አልሳሳትም።

መኪናው የሚጭነው የአሰብ ጨው ነበር። ጨው ደግሞ ብረት ይበላል። ደጋ ሲወጣ ዝናብ ያገኘዋል፣ ጨዉ ይረጥባል፣ ውሃው በጋቢናው የኋላ ግድግዳ ላይ ይንቆረቆራል፤ ቆላ ሲመለስ ፀሐዩ ያደርቀዋል። እንዲህ ሲል ከርሞ ግድግዳው ወንፊት ሆነ። ወለሉም ከመበላቱ የተነሣ ስንጓዝ አስፋልቱ ከእግራችን ሥር ሲሸሽ ይታየን ነበር። ያቺ መኪና ከሌለች ቤታችን እንደማይቆም ሦስታችንም እናውቃለን። ግን አባቴ ለማንም በያጅ መስጠቱን ፈራ። በያጅ ሁሉ ቀዳዳ ውስጥ ጆንያ ጎስጉሶ በስቱኮ የሚለስን ነበር የሚመስለው። ከተበላሸ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ያወጣት ማግኔት ከኪሱ አትጠፋም፤ ሰው መኪና ሊያሳየው ሲመጣ ሰላምታውን ሳይጨርስ ማግኔቷን አውጥቶ ቀለሙ ላይ ይለጥፋል። ከወደቀች ስቱኮ ነው።

ያሲን የመጣው ሐምሌ ላይ፣ ንፋሱ አሸዋ ይዞ ፊት በሚገርፍበት ወር ነው። የአዋሽ ልጅ ነው፤ አባቱ የባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ እሱም ባቡር ጋራዥ ውስጥ ብረት እየቀጠቀጠ ነው ያደገው። የቆርቆሮ ሣጥኑን ከጠረጴዛው ሥር አስቀምጦ ምሳውን በላና የዝገት ሥራ እንደሚችል ተናገረ። አባቴ ከፊቱ መጥቶ ተቀመጠ።

«ባቡሩን ለምን ተውከው?»

«ሰለቸኝ፣ አባባ ሙሄ።»

«ባቡር ይሰለቻል?»

«ሁልጊዜ በአንድ ሐዲድ ነው የሚሄደው።»

አባቴ አልሳቀም፤ እኔም አልሳቅሁም። ከመጣ መኪና ሁሉ ላይ የሚወርድ ሰው ሎጊያ ውስጥ ሞልቷል፤ የእጅ ሙያ ያለው ሰው ግን ያለ ምክንያት ከባቡር ቤት ወጥቶ እኛ ዘንድ አይመጣም። ቢሆንም ያሲን ስቱኮ አልነካም ማለቱ አባቴን አማለለው። በብየዳም አልሠራም አለ፤ የሳሳ ላሜራ እሳት ሲነካው ይብሱን ይበሳል። እንደ ባቡር ቤት በሪቬት ነው የምሠራው አለ። ግቢያችን ውስጥ ከመኪናው ጎን አልጋ ተዘረጋለት፣ ምግቡም ከእናቴ ቤት ሆነ።

የዝገት ጥገና አስቸጋሪነቱ፣ ቀዳዳው ከመደፈኑ በፊት መስፋት አለበት። ያሲን ጫፉ የሾለ መዶሻ ይዞ የተበላውን ብረት እያንኳኳ፣ ጤነኛው ጋ እስኪደርስ ያረግፈዋል። ይህን ለመኪና ባለቤት ማስረዳት መከራ ነው። ሳንቲም የማታህል ቀዳዳ ሰሃን አህላ ስትከፈት አባቴ ከተቀመጠበት በርሜል ላይ ይነሳና፣ «ልትደፍን ነው የመጣህ ወይስ ልትቀድ?» ይለዋል። ያሲን ብረቱን በጣቱ ፍርክስ አድርጎ ያሳየዋል። ከዚያ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ልኩን ይወስድና ከአሮጌ በርሜል ላሜራ ይቆርጣል፤ በቀዳዳው ላይ አስተኝቶ ዙሪያውን በሪቬት ያያይዘዋል። ሪቬት ባለ ራስ አጭር ምስማር ነው። አንዱ ከውጭ ሲመታ ሌላው ከውስጥ ከባድ ብረት ደግፎ ካልያዘ ጫፉ አይጠፈጠፍም። ሥራው የግድ የሁለት ሰው ነው። አባቴ ረዳቱን አባሯል፣ ሌላ ሰው አያምንም፤ ስለዚህ ብረቱን የመያዙ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ።

ጎህ ሲቀድ እንጀምርና ላሜራው እጅ ማቃጠል ሲጀምር እናቆማለን። እኔ ጋቢና ውስጥ፣ ያሲን ውጭ፣ በመካከላችን ብረት። ፊቱን አላየውም። ያዢ ሲል በመዶሻው እጀታ ያንኳኳል፣ ልቀቂ ሲልም እንዲሁ። ምቱ በብረቱ አልፎ ክንዴ ውስጥ፣ ከዚያም ጥርሴ ውስጥ ይገባል። ከሰዓት በኋላ ሰሃን ሳነሳ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቴ «የወንድ ሥራ አሠራሃት» ብላ አባቴን ትቆጣለች፤ እሱ ግን «ቢያንስ ጋቢናው ውስጥ የኔ ዐይን አለ» ይላታል።

በዚህ መሀል አንድ ወዳጁ ሾፌር ከአዋሽ መጥቶ ወሬ ነገረው። የሚያውቁት ሰው መኪና አዋሽ ጉምሩክ ኬላ ላይ ተይዟል። ጋራዥ አስገብቶ ሲያስጠግን ሠራተኛው በሁለት ላሜራ መካከል የኮንትሮባንድ ሰዓትና ሬዲዮ አሽጎበት ኖሯል፤ ሾፌሩ ምንም ሳያውቅ ይዞት ሄዶ፣ እሱ ታሰረ፣ መኪናው ኬላው አጥር ሥር ቆሞ አቧራ ይጠጣል። እውነት ይሁን ሐሰት አላውቅም። አባቴ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ምግብ አልበላ አለው። የእኛ ጋቢና የኋላ ግድግዳም ድርብ ነው፤ የውስጡ ላሜራ በብሎን የታሰረ ስለሆነ ለሥራው ተፈትቶ ነበር። በሁለቱ መካከል ክንድ የሚያስገባ ክፍተት አለ።

እኔ ደግሞ ሥራው አላልቅ ማለቱን መጠርጠር ጀመርኩ። ዛሬ ይህችን ስንጨርስ ነገ ሌላ ትገኛለች። አንድ ማለዳ ጋቢና ውስጥ ብረቱን ይዤ ተቀምጫለሁ። ከትከሻዬ አጠገብ ያለውን ላሜራ አውቀዋለሁ፤ ከውስጥ በኩል ቀለሙ እንኳ አልተላጠም፣ ትናንት በጉልበቴ ተደግፌዋለሁ። ድንገት ጓ! አለና የመዶሻው ጫፍ በዚያ በጤነኛው ብረት ገባ። ብርሃን እንደ ክር ዘለቀ። ከዚያ ደግሞ ጓ! አለ። እየደጋገመ ሲመታው ጉልበቱን ሁሉ ይጠቀም ነበር፤ ለዝገት እንዲያ ያለ ጉልበት አያስፈልግም። ብረቱን መያዜን ቀጠልኩ፤ ሌባ ሲጀምር አይጮህበትም፣ እስኪጨርስ ይጠበቃል ብዬ ነው። ያንን ቀዳዳ እንደ ሌሎቹ አብረን ከለጠፍን በኋላ፣ በዚያው ሳምንት ጁምዓ፣ አባቴ መስጊድ፣ እኔ ማዕድ ቤት ሳለን፣ ያሲን የውስጡን ላሜራ ብቻውን መልሶ በብሎን አሰረው። ሲመሽም አባቴን «አዋሽ ስትሄዱ እኔንም ውሰዱኝ፣ እናቴን ልያት» አለው።

አባቴን ግቢው ጥግ ጠርቼ ያየሁትን ነገርኩት።

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ። ጤነኛ ብረት ነው የቀደደው።»

«በቃ ዝም በይ። እንወስደዋለን።»

«አሁን ብሎኑን ፈትተን ለምን አናይም?»

«እዚህ ፈትተን አንድ ነገር ብናገኝ የኔ አለመሆኑን ማን ያምነኛል? መንግሥት ባለበት ይከፈት። እሱም አጠገቡ ይቁም።»

ሐሳቡ አላማረኝም። ከተገኘ ሁላችንም መታሰራችን ነው ብዬ አሰብኩ። ግን አባቴን ከጥርጣሬው የሚመልስ ሰው አልተፈጠረም፣ ደግሞም ሲቀድ አይቼ የነገርኩት እኔው ነኝ። ጨዉን ጭነን ተነሣን። አባቴ እኔንም ይዞ ሄደ፤ ከኔ ሌላ የሚያምነው ምስክር አልነበረውም። ጋቢና ውስጥ አቀማመጣችን ራሱ ችግር ሆነ። ያሲንን መሀል እንዳያደርገው ከኔ ጋር ጎን ለጎን ሊሆን ነው፤ በር ጋ እንዳያስቀምጠው ዘሎ ሊያመልጥ ነው። በመጨረሻ እኔን ከራሱ ጎን፣ ያሲንን በር ጋ አደረገና፣ በመካከላችን የጨው ጆንያ አቆመ፣ በሩንም ከውስጥ በገመድ አሰረው።

«በሩ ተበላሽቷል እንዴ፣ አባባ ሙሄ?» አለ ያሲን።

«ይከፈታል» አለ አባቴ፣ ዐይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ።

ሚሌን አልፈን ገዋኔ አደርን። መንገድ ዳር አንዲት አፋር ሴት በጭስ በታጠነ ዕቃ የግመል ወተት ትሸጥ ነበር፤ አባቴ ለሦስታችንም ገዛ፣ እሱ ግን ያሲን እስኪጠጣ ጠበቀ። የኔ ዐይን ከያሲን አልተነቀለም። ወደ ኋላ ግድግዳው ቢዞር ዕቃውን እያየ ነው እላለሁ፤ ባይዞር እንዳይነቃበት ነው እላለሁ። እሱ በመስኮቱ የአያሉን ተራራ እያየ ያፏጫል። የሚያፏጭ ሰው ሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው ብዬ ያንንም መዘገብኩበት።

አዋሽ ሰባት ኪሎ የደረስነው ረፋዱ ላይ ነው። ኬላው ላይ ሰልፍ ነበር። ተራችን ሲደርስ አለቃቸው፣ ቀጭን፣ ፊሽካ በአንገቱ ያንጠለጠለ ሰው፣ ወረቀታችንን አይቶ እለፍ ብሎ በእጁ አመለከተ። አባቴ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

«መኪናዬን ፈትሹልኝ» አለ።

«እለፍ ብዬሃለሁ እኮ።»

«አላልፍም። የጋቢናው የኋላ ግድግዳ ይከፈትልኝ።»

አለቃው አባቴን ከእግር እስከ ራሱ አየው። በዚያ ኬላ ላይ ፈትሹኝ ያለ ሾፌር እስከዚያ ቀን የመጣ አይመስለኝም። ጋቢናውን እንድንፈትሽ የሚለምነው ጨዉ ውስጥ አንድ ነገር ቢኖር ነው ብለው ጨዉን ሁሉ አስወረዱት። አባቴና ያሲን በዚያ ፀሐይ ጆንያ ሲሸከሙ፣ ፈታሾቹ እያንዳንዱን በብረት ዘንግ ሲወጉ እኔ የመኪናው ጥላ ሥር ቆሜ ያሲንን ነው የማየው። አሁን ይሮጣል፣ አሁን ይሮጣል እላለሁ። አልሮጠም። ብሎኖቹን ራሱ ፈታ። የውስጡ ላሜራ ሲነሳ ክፍተቱ ውስጥ ከአቧራ በቀር ምንም የለም።

አባቴ አልሃምዱሊላህ አለ። ቸኩሎ ነበር። አለቃው አንገቱን አስገብቶ ከቆየ በኋላ አዲሱን ልጣፍ በጣቱ ነካና «ይህስ ይነሳ» አለ። ያሲን መሮ አምጥቶ የሪቬቶቹን ራስ አንድ በአንድ ቆርጦ ልጣፉን አወረደ። አለቃው የቀዳዳውን ጠርዝ በጥፍሩ ፋቀው።

«ዝገት የበላው ብረት እንደ ወረቀት ይሳሳል። ይህ ሙሉ ነው፣ ውስጡም ነጭ ነው። ጤነኛ ብረት ምን ልትሉ ቀደዳችሁ?»

ወደ አባቴ ዞረ።

«ዕቃውን መንገድ ላይ አራገፋችሁታ! ገዋኔ ነው? ሽማግሌው፣ ባዶውን አሳይተህ ልታታልለን ነው የመጣኸው?»

አንዱ ፈታሽ የአባቴን ክንድ ያዘ። መኪናችን ኬላው አጥር ሥር ስትቆም፣ እናቴ ብቻዋን ሎጊያ ስትቀር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ነገሩን ያመጣው የኔ ዐይን ነው፤ ግን ያየሁት ነገር ደግሞ ይኸው እውነት ሆኖ ፊቴ ላይ ተከፍቷል። ያሲን መሮውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«እሳቸው አያውቁም። እኔ ነኝ የቀደድኩት።»

«ለምን?»

«ሥራው እንዳያልቅ።»

«ሥራው ባያልቅ ምን ታገኛለህ?»

ያሲን ወደኔ አልዞረም። በአገጩ ብቻ አመለከተኝ። «እሷ ናት ከውስጥ ብረት የምትይዝልኝ። ሥራው ካለቀ ከግቢያቸው መውጣቴ ነው።»

መጀመሪያ የሳቀው የአባቴን ክንድ የያዘው ፈታሽ ነው። ከዚያ አለቃው ፊሽካው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። በሰልፍ የቆሙት ሾፌሮች ምን ተባለ ምን ተባለ እየተባባሉ ወሬው እስከ መጨረሻው መኪና ደረሰ። እኔ ደሜ ሁሉ ፊቴ ላይ ወጣ፤ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። አባቴ ግን አልሳቀም። ወደ ያሲን ቀረበ።

«ሰው ቤት በር እያለ ላሜራ ቀዶ ይገባል?» አለው።

ያሲን አንገቱን ደፋ። አባቴ ሌላ ምንም አልጠየቀውም። ጨዉን መልሰው ከጫኑ በኋላ ልጣፉ እዚያው እንዲሠራ አዘዘ። እኔ ልይዝ ስል በእጁ ገፋ አደረገኝና ራሱ ጋቢና ውስጥ ገብቶ ብረቱን ያዘ። ያሲን ከውጭ ይመታል፣ አባቴ ከውስጥ ይይዛል፣ እኔ ፀሐይ ላይ ቆሜያለሁ። ሲጨርሱ አባቴ «ሽማግሌ ላክ። ካልላክህ ሎጊያ ደግመህ እንዳትረግጥ» ብሎት ሞተሩን አስነሳ።

ሽማግሌዎቹ ከረመዳን በፊት መጡ። እናቴ እልል አለች። አባቴ እሺ አለ። እኔ ነኝ ያላመንኩት። ኬላ ላይ የተያዘ ሰው የሚናገረውን ማን ያምናል? ከእስር ለመዳን ከዚያ የተሻለ መልስ እኔ ራሴ ብፈልግ አላገኝም። ሽማግሌ መላኩንም ቢሆን በሰልፍ ሙሉ ሾፌር ፊት የተናገረውን ማጠፍ አፍሮ ይሆናል አልኩ። ታዲያ ለምን አገባሽው የሚሉኝ አሉ። ቤቴ ካልገባ እንዴት አጣራለሁ? ልጆች ወለድን፣ መንገዱ ወደ ጅቡቲ ዞረ፣ ሰመራ ተቆረቆረች፣ ያሲን ጋራዥ ከፈተ፣ ዐይኑ ደከመ። በየመሀሉ ኬላው ላይ ያልከው እውነት ነበር ወይ እያልኩ እጠይቀዋለሁ፤ እሱ ይስቅና ያልፈዋል።

ባለፈው ሳምንት ከዚያ ሆቴል ስመለስ በረንዳ ላይ ሐብሐብ ይበላ ነበር። ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩና ደግሜ ጠየቅሁት። በዚህ ጊዜ አልሳቀም። ቢላዋውን አስቀመጠ።

«አባትሽም አላህ ይዘንላቸው የሉም። ልንገርሽ? ውሸት ነበር።»

ወንበሬን ጠጋ አደረግሁ።

«ባቡር ቤት ከአለቃዬ ጋር ተደባድቤ ነው የወጣሁት፤ ሌላ ሥራ አልነበረኝም። እናንተ ቤት አልጋ ነበረኝ፣ ቅቅል ነበረኝ። ሥራው ሲያልቅ የት እሄዳለሁ ብዬ ነው የቀደድኩት። የምቀደው ሲያልቅብኝ ውሰዱኝ ያልኳችሁም እናቴ ቤት ልጠጋ ነው። አባትሽ ሊታሰሩብኝ ሲሉ አፌ ላይ የመጣው አንቺ ነሽ።»

«እና እኔ?»

«ላንቺ እውነቱን እነግርሻለሁ። ከዚያ በኋላ አባትሽ ከውስጥ ብረት ያዙልኝ አይደል? አያያዛቸው ሌላ ነው። እየመታሁ፣ ይህ የሷ እጅ አይደለም፣ የሷ እጅ አይደለም እያልኩ ጨረስኩ። ወደ እናቴ ቤት ስሄድ ውሸቴ እውነት ሆኖ አገኘሁት።»

ተናደድኩ። ከዚያ ደግሞ ደስ አለኝ፤ ይኸው ዕድሜዬን ሙሉ የጠረጠርኩት ልክ ነበር። ሐብሐቡን ከፊቱ ወስጄ የቀረውን እኔ በላሁት። በኋላ ላይ ያሰብኩት ግን አባቴን ነው። የነዳጅ ክዳን በክር የሚያስር፣ ወተት እንኳ ሌላ ሰው ሳይቀምሰው የማይጠጣ ሰው፣ በሕይወቱ ሳያጣራ ያመነው ነገር ቢኖር ያንን የያሲንን ቃል ብቻ ነው፤ እሱም ውሸት ነበር። ለምን እንዳመነው ዛሬ ይገባኛል። በዚያ ፀሐይ የመኪና ሙሉ ጨው ተሸክሞ አውርዶ ስለነበር ደክሞታል። እንኳን ደከመው።